የተናኜ አፍንጫ

«እኔ የምላችሁ ሽታው ነው የገደላት!» አሉ የእድሩ ዳኛ አቶ ደሳለኝ፣ የጎረሱትን ንፍሮ ሳይውጡ። አንዲት የስንዴ ፍሬ ከአፋቸው አምልጣ ጋቢያቸው ላይ አረፈች። አነሷት፣ አገላብጠው አዩዋት፣ መልሰው ጎረሷት።

ከፈለች ይህን አየችና ፊቷን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረች። እህቷ ተናኜ ከተቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ እሷ ግን ከእንባ ይልቅ የሚመጣባት ማቅለሽለሽ ነው። የሚያላምጥ አፍ ያስጠላታል። የንፍሮው እንፋሎት ያስጠላታል። ጫማ አውልቆ የተዘረጋው እግር፣ ከብርጭቆ ብርጭቆ የሚዘለው ዝንብ፣ ከጎረቤታቸው ከአራጌ ግቢ በነፋስ ተጭኖ የሚመጣው የእርጥብ ቆዳ ግማት፣ ሁሉም አንድ ላይ ሆኖ ጉሮሮዋ ላይ ቆሟል። ከሁሉ የባሰ የሚያስጠላት ነገር ደግሞ ሌላ ነው። እሱን ለማንም አልተናገረችም።

«የገነዟት እናቶች ምን አሉ?» ቀጠሉ አቶ ደሳለኝ። «ፊቷ እንደ ሙሽራ ቀልቷል አላሉም? የቆዳው ግማት ነው ደሟን ያፈላው!»

«ግማት ደም ያፈላል እንዴ፣ አያ ደሳለኝ?» አለ ከጎብዬ ለለቅሶ የመጣ አንድ ዘመድ።

«ያንተ አፍንጫ ሌላ፣ የተናኜ አፍንጫ ሌላ። ቆቦ ገበያ ሂድና ጠይቅ።»

በዚህስ አልዋሹም። የተናኜን አፍንጫ የማያውቅ ቅቤ ነጋዴ ከሮቢት እስከ ቆቦ አይገኝም። ቅቤ ተራ ጥግ ላይ በርጩማዋን አስቀምጣ ትውላለች። ገዢው ቅቤውን በቅጠል አድርጎ ያመጣላታል፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና አንዴ ትስባለች። «ሞራ አለበት» ትላለች። ወይም «ሙዝ ነው፣ ወስደህ ለልጆችህ አብላ» ትላለች። በጣም ካስጠላት ግን ቃል አታባክንም፤ አፍንጫዋን ትሸበሽብና «እፍ!» ትላለች። ያን ጊዜ ባለቅቤው ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። በወረዳው ዳኛ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ማለት ይችላል፤ የተናኜ «እፍ» ግን ይግባኝ አልነበረውም።

ባሏንም ያሰናበተችው በአፍንጫዋ ነው ይባላል። ከሮቢት ሲመለስ የማታውቀው የጸጉር ቅባት ሸተታት፤ በር ላይ እንደቆመ መለሰችው። ከዚያ በኋላ ታናሽ እህቷ ከፈለች የራሷ ትዳር ፈርሶ ስትመጣ ተቀበለቻትና ሁለቱ አንዲት ክፍል ውስጥ አብረው ኖሩ። ከፈለች ወጥ ከመሥራቷ በፊት ሽንኩርቱን እህቷን ታስሸትታለች፤ ልብስ አጥባ ከማጠፏ በፊት ታስሸትታለች። «እታለም፣ እስቲ ይሄን» ማለት የቤቱ ቋንቋ ነበር። ተናኜ ያሳለፈችው ነገር ሁሉ ደህና ነው።

አራጌን ግን አላሳለፈችውም። አራጌ የበሬና የፍየል ቆዳ ገዝቶ፣ በጨው አሽቶ፣ ግቢው ውስጥ ከምሮ መኪና የሚጠብቅ ነጋዴ ነው። በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ስለቆየ የራሱ አፍንጫ ሞቷል፤ ሽቶና በድን አይለይም። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ለተናኜ ሽማግሌ ላከ።

«ታጥቦ ይምጣ» አለች።

ሰውዬው የዋህ ነው፣ እውነት መሰለው። ሁለት ሳሙና ጨርሶ፣ ነጭ ለብሶ መጣ። ገና ከአጥሩ በር ሳለ «እፍ!» አለችው። አራጌ በራሱ ስቆ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ ይሰዳደባሉ። «ዛሬስ ስንት በሬ አስገምተህ ነው ያደርከው?» ትለዋለች። «ካንቺ ምላስ የተረፈውን» ይላታል። አንድ ቀን ሳይሰዳደቡ ከዋሉ ሁለቱም ቅር ይላቸዋል፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

አሁን ያ ሰፈር ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ አራጌን በንፍሮ እያላመጠው ነው።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር መቅደስ መጣች። ከጎጃም ተመድባ የመጣች የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብላ ከከፈለች ጎን ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ከፌ፣ ያን ቀን ጤና ጣቢያ ስትነቂ ቤት ውስጥ ከሰል ነበር ወይ ብዬ ጠይቄሽ ነበር።»

«አልነበረም ብዬሻለሁ።»

«ብለሽኛል። አልጨቀጭቅሽም። ብቻ ቀልታ ነበር ሲሉ ሰማሁ። ሰው ሲሞት ይገረጣል፤ የከሰል መርዝ የወሰደው ግን ሲቀላ አይቻለሁ።»

«ከሰል ቢሆን ለእታለም ይሸታት ነበር» አለች ከፈለች።

«አይሸትም። ክፋቱ እሱ ነው። የሚሸተው ጭሱ ነው። ጭሱ ሲያልቅና ፍሙ ሲቀላ ሰው ጠራ ብሎ ወደ ቤት ያስገባዋል፤ መርዙ ግን ያኔም እየወጣ ነው። አይታይም፣ አይሸትም። የዓለም አፍንጫ ቢሰበሰብ አያገኘውም።»

ከፈለች የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች። «ታዲያ ሰው በምን ያውቃል?»

«ሰውነቱ ይነግረዋል። ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። አንዱን ብቻ ሳይሆን የቤቱን ሰው ሁሉ። ደጅ ሲወጣ ይሻለዋል፣ ሲገባ ይመለስበታል። ትንንሽ እንስሳ ካለ ደግሞ እሱ ቀድሞ ይሞታል።»

ከፈለች ብድግ ብላ ከድንኳኑ ወጣች። ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሄዳ ምንም የሌለበትን ሆዷን አስመለሰች። ሴቶቹ «ምስኪን፣ ሐዘኑ ነው» አሉ።

ሐዘኑ አልነበረም፤ ጫጩቶቹ ናቸው።

የሴቶች ማኅበሩ ለየአባሉ አርባ አርባ የአንድ ቀን ጫጩት ያከፋፈለው በኅዳር መጨረሻ ነው። ከፈለች የራሷን በካርቶን ይዛ ስትገባ ተናኜ ከአልጋዋ ላይ ዘላ ተነሳች።

«እፍ! ሰው ኩስ ውስጥ ይተኛል?»

«እስኪጠነክሩ ነው፣ እታለም። ሙቀት ይፈልጋሉ።»

«እኔስ? እኔ ምን እንደምፈልግ ማን ይጠይቀኛል?»

እንዲህ ትበል እንጂ፣ ከካርቶኑ ያመለጠ ጫጩት ካለ እያጉረመረመች በመዳፏ አቅፋ የምትመልሰው እሷው ነበረች። ጫጩቶቹ መጀመሪያ በአምፑል ይሞቁ ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ ብርዱ ጠና፤ መብራቱ ደግሞ እንደ ልማዱ በመጣበት እግሩ ይሄድ ጀመር። ያኔ ነው ከፈለች ማንደጃውን ያሰበችው።

ያለ ጥንቃቄ አላስገባችውም፤ ይህም ነው አንጀቷን የሚበላት። ደጅ ላይ ታቀጣጥለዋለች፣ ጭሱ እስኪያልቅ በሰፌድ ታራግበዋለች። ፍሙ ሲቀላ ማንደጃውን በጨርቅ ይዛ፣ እንደ ቅቤ ለተናኜ ታቀርብላታለች። «እታለም፣ እስቲ ይሄን።» ተናኜ ዓይኗን ጨፍና ትስባለች። «ንጹሕ ነው፣ አስገቢው» ትላለች።

ተናኜ አሳለፈችው። ማን ይግባኝ ይላል?

በሩ ይዘጋል። መስኮቱማ ከተዘጋ ቆይቷል፤ የአራጌን ግማት ለመከላከል ተናኜ የድሮ ሰማያዊ ቀሚሷን ቀዳ በየስንጥቁ ወትፋበታለች። በሳምንቱ ራሷን ያማት ጀመር። ከፈለችንም ያማት ነበር። «የዚያ ሰው ቆዳ ነው! ጠንቶበታል!» አለች ተናኜና አንድ እጅጌ ጨምራ ወተፈች። ራሷን ባመማት ቁጥር ትወትፋለች፤ በወተፈች ቁጥር ይብስባታል። ገበያ ስትወጣ ግን እስከ ቀትር ድረስ ቀለል ይላታል። «ቅቤው ነው መድኃኒቴ» ትል ነበር፣ እየሳቀች።

ከዚያ ጫጩቶቹ መሞት ጀመሩ። አንድ ጠዋት ሦስት፣ በማግስቱ ስምንት። «ፈንግል ገባ» አለች ከፈለች። ተናኜ አንዷን የሞተች ጫጩት በክንፏ አንስታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ለረጅም ጊዜ ያዘቻት።

«የበሽታ ሽታ የለባትም» አለች። «ገረመኝ።»

በዕድሜዋ አፍንጫዋ ሲያመነታ ከፈለች ያየችው ያን ጠዋት ብቻ ነው። ሁለቱም ረሱት። ማታ ማንደጃው ገባ።

ከፈለች የምትተኛው በሩ ሥር መሬት ላይ ነው። ሲነጋጋ በማቅለሽለሽ ነቃች፤ እግሯ አልታዘዝ አላት። በእንብርክኳ እየዳኸች በሩን ከፈተችና ደፉ ላይ ወደቀች። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው ቁርጥራጭ ነው፦ ጨው ለማውረድ የወጣው የአራጌ ጩኸት፣ እሷን ከብብቷ ይዞ ሲጎትታት፣ ተመልሶ ተናኜን በሁለት እጁ ታቅፎ ሲወጣ፣ የተናኜ ክንድ እንደ እርጥብ ፎጣ ሲንጠለጠል። ሌላም አለ። ሰው ከመሰብሰቡ በፊት አራጌ ሦስተኛ ጊዜ ገባ፤ ማንደጃውን በጨው ጆንያ ይዞ ወጣና ከአጥሩ ሥር ሸሸገው። ዞር ብሎ አያት።

እና ያ ሰው ይኸው ሁለተኛ ቀኑ፣ ገዳይ እየተባለ ዝም ብሏል። ከፈለችም ዝም ብላለች። የሚያስጠላት ይህ ነው። የአቶ ደሳለኝ አፍ ከእሷ አፍ ይሻላል፤ የእሳቸው ቢያንስ ንፍሮ ነው የያዘው።

የሠልስቱ ዕለት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ድንኳኑ ጢም አለ። አልቃሿ ደረቷን እየደቃች ግጥም አወረደች፦

«ቅቤውን ከሞራ ስትለይ የኖረች፣
ሞት ቤቷ ሲገባ ሳታሸተው ቀረች።»

ሰው «ወይኔ! ወይኔ!» አለ። ከፈለች ቀና ብላ አልቃሿን አየቻት። ሴትዮዋ ለግጥሟ ቤት መምቻ ብላ ያመጣችው እውነት መሆኑን ሳታውቅ ወደ ሌላ ግጥም አለፈች።

አራጌ ከድንኳኑ መግቢያ ተቀምጧል። ነጭ ለብሷል፤ ያው የሽምግልናው ዕለት ልብስ ነው። በዙሪያው አራት ሰው የሚያስቀምጥ ባዶ አጎዛ አለ። አንዱ ወጣት ነጠላውን አፍንጫው ላይ ጥሎ ጓደኛውን ሲጠቅሰው ከፈለች አየች።

አቶ ደሳለኝ አቤቱታ የተጻፈበት ወረቀት ይዘው ተነሱ። «ሁለት ነገር ነው የምንጠይቀው። አንደኛ፣ ቆዳው ከሰፈራችን ይነሳ። ሁለተኛ፣ ሰው የገደለ ሰው የእድር አባል አይሆንም፤ አራጌ ይሰረዝ። ሲሞት ቆዳዎቹ ይቅበሩት!»

ጥቂቶች ሳቁ። ሐዘን ቤት መሆኑን አስታውሰው ሳቃቸውን ሳል አደረጉት። አራጌ መሬቱን አየ። እዚህ አገር ከእድር የተሰረዘ ሰው በቁሙ እንደተቀበረ ነው፤ ሲሞት ድንኳን የሚተክልለት፣ ቀብሩን የሚቆፍርለት የለም።

«ከሟች ወገን እንጀምር» አሉ አቶ ደሳለኝና ወረቀቱንና እስክርቢቶውን ከፈለች ጭን ላይ አኖሩ። እስክርቢቶው በንፍሮ እርጥበት ያንሸራትታል።

«ፈርሚ እንጂ ከፌ» አለች ከጎኗ የሺ። የሺ ከመንገዱ ማዶ ያለች ጎረቤት ናት፤ የአራት ወር ልጅ አላት። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ የተረፉትን ጫጩቶች ለሐዘንተኛ ላግዝ ብላ እሷ ቤት ወስዳለች። «እኔስ ቀድሜ ነቅቻለሁ። እንደ ተናኜ እንዳልሆን ብዬ መስኮቴን በጨርቅ ጠቅጥቄዋለሁ፣ ቅንጣት ሽታ አይገባም። ሰፈሩ ሁሉ እኮ እየወተፈ ነው። ብቻ ልጄ ሌሊቱን አላስተኛ አለኝ፤ የጠባውን ያስመልሳል። የኔም ራሴ ሊፈነዳ ነው። ጫጩቶችሽም አራቱ ሞተው አደሩ፤ እንዳትቀየሚኝ። ማንደጃሽን ከአጥሩ ሥር አግኝቼ ወስጄላቸው ነበር እኮ።»

ከፈለች ወደ የሺ ዞረች። «ማንደጃዬን?»

«መብራት የለም፣ ብርድ እንዳይመታቸው ብዬ።»

«ልጁ የት ነው?»

«አሁን ገና ተኛልኝ። ሠልስቱን ልድረስ ብዬ ለአፍታ ዘግቼበት…»

ከፈለች የሺ ስትጨርስ አልጠበቀችም። ወረቀቱ ከጭኗ ወደቀ፤ የንፍሮውን ትሪ ረገጠችው፤ በባዶ እግሯ በሰዉ መካከል ሰንጥቃ ወጣች። «ያዟት! ሐዘኑ አዙሯታል!» አሉ አቶ ደሳለኝ። መንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ ክላክሱን አስጮኾ በጭንቅ አለፋት። የየሺን በር በትከሻዋ መታችው።

ቤቱ ሞቃትና ጸጥ ያለ ነበር። ማንደጃው መሐል ላይ፣ ፍሙ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ጭስ የሚባል ነገር የለውም። ከፈለች በበሩ ደፍ ላይ ቆማ አየሩን ሳበች፤ ሳታስበው፣ እንደ እህቷ። ምንም። የጫጩት ኩስና የሕፃን ወተት ብቻ። ንጹሕ ነው፣ አስገቢው። እስትንፋሷን ያዘች፣ ገባች፣ ልጁን ከነብርድ ልብሱ አንስታ ወጣች።

ልጁ ዝሎ ነበር። ጭንቅላቱ ክንዷ ላይ ወደቀ። ጉንጩ ቀልቷል፣ ያምራል፤ ከዚያ ቅላት የበለጠ የሚያስጠላ ነገር በዕድሜዋ አላየችም። ነፋሱ ወዳለበት አዞረችው። «ተነሣ፣ ተነሣ፣ ተነሣ» አለችው። የሺ እየጮኸች ደረሰች፤ ለሠልስቱ የመጣችው ሲስተር መቅደስ ከኋላዋ። መቅደስ የልጁን መንጋጋ ቀና አድርጋ ውስጥ እግሩን ቆነጠጠችው። ልጁ አንዴ ደነገጠ፣ በአፍንጫውም በአፉም የከፈለች ጥቁር ልብስ ላይ አስመለሰ፣ ከዚያም ቤት የሚያፈርስ ለቅሶ አለቀሰ።

«ወደ ጤና ጣቢያ! ባጃጅ ጥሩ!» አለች መቅደስ። «አንቺም የሺ ግቢ፣ ራስሽን ያመመሽ በሱ ነው።»

ባጃጁ ሄደ። ለቀስተኛው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ መንገድ ላይ ቆሟል። ከፈለች የረጋ ወተት ደረቷ ላይ እየወረደ ወደ የሺ ቤት ተመልሳ ማንደጃውን አወጣችና በሰዉ ፊት አስቀመጠችው። ውኃ ስታፈስበት ተንጫጫ።

«ማንደጃው የኔ ነው» አለች። «ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔ ነኝ ለእታለም ቤት ሳስገባ የከረምኩት። የገደላት የማይሸተው ነው፤ የሚሸተው አይደለም። ሲስተር ጠይቃኝ ዋሸኋት። እናንተ አያ አራጌን ስትበሉት ቁጭ ብዬ አየሁ። አሁን ሂዱና የወተፋችሁትን ንቀሉ። ከሰል ያለበት ቤት በር ይከፈት።»

ከዚያ አንዷ ሴት «ውይ፣ የኔም!» ብላ ወደ ቤቷ ሮጠች፤ ሌላዋ ተከተለቻት። አቶ ደሳለኝ ወረቀቱን በአራት አጠፉት፣ በስምንት አጠፉት፣ የሚያስገቡበት ኪስ ግን አላገኙም።

ከፈለች ወደ አራጌ ዞረች። «አያ አራጌ፣ ማንደጃውን ለምን ሸሸግክልኝ? ለምን አልተናገርክም?»

አራጌ ነጩን ልብሱን ቁልቁል አየ። «አንቺ እህትሽን ቀብረሻል፤ በዚያ ላይ ይሄን አትችይውም አልኩ። እኔ እንደሆነ ድሮም ሸትቻለሁ።» ከዚያም፣ «ቆዳውን ዛሬ አነሳዋለሁ። መኪና ለምኛለሁ» አለ።

«ተወው» አለችው።

ድንኳኑ ሲፈርስ ከፈለች እህቷ ከሞተችበት ቀን ወዲህ ያልገባችበትን ክፍል ከፈተች። የተናኜ አልጋ እንደተዝረከረከ ነው። ማዶ፣ ጨለማው ውስጥ፣ መስኮቱ ሰማያዊ ጨርቅ ጎርሶ ቆሟል። ቀረብ ብላ አንዱን ጫፍ ያዘች። እጅጌው ነበር። ተናኜ ጠንካራ እጅ ነበራት፤ አጥብቃ ወትፋዋለች። ከፈለች እግሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጎተተች፤ እጅጌው ወጣ፣ ደረቱ ወጣ፣ የአንገትጌው ቁልፍ ተበጥሶ መሬት ላይ ተንከባለለ። መስኮቱን ገፋችው።

ግማቱ ከነጨው፣ ከነዝንቡ፣ ከነፀሐዩ ገባ።

ከፈለች ቀሚሱን ታቅፋ መስኮቱ ሥር ቆመች። ዓይኗን ጨፍና ሳበች። አፍንጫዋን ሸበሸበች፣ ልክ እንደሷ።

«እፍ!» አለች።

በአጥሩ ወዲያ አራጌ ቆዳ የሚያገላብጥበትን እጁን አቆመ። ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ አየ። ከፈለች እንባዋ በሰማያዊው እጅጌ ላይ እየወረደ ነበር፤ መስኮቱን ግን አልዘጋችውም።